የጌታ ጣሳ

በመንደራችን ማን ምን እንደበላ ማወቅ ከፈለጋችሁ እኔን ጠይቁኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከቤት ቤት እየዞርኩ የሴቶች ማኅበራችንን ሩዝ የሰበሰብኩት እኔ ሱንግ ነኝ። ሥርዓቱ ቀላል ነው። አንዲት ሴት ሩዝ ልትቀቅል ስትል፣ ድስት ውስጥ ከመጨመሯ በፊት አንድ እፍኝ ታነሣና ምድጃው አጠገብ በተቀመጠው የጌታ ጣሳ ውስጥ ታደርጋለች። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። ቅዳሜ እኔ ከረጢቴን ይዤ እመጣና ጣሳውን እገለብጣለሁ። ሩዙ ተሽጦ ለወንጌላውያኑ ስንቅና ለቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ይውላል። ጣሳ ውስጥ አንዴ የገባ ሩዝ ደግሞ አይነካም። ልጅ ቢያለቅስ አይነካም፣ እንግዳ ቢመጣም አይነካም።

ታዲያ ጣሳ ቤቱን ያሳብቃል። ዐሥራ አራት እፍኝ ከወጣው ቤቱ ደህና ነው። ዐሥር ከሆነ ወይ ሴትየዋ ቆጣቢ ናት ወይ ቤቱ ውስጥ ኩርፊያ አለ። ያየሁትን ለሰው አላወራም፤ ቢያንስ ሁሉንም አላወራም።

የዝናቡ ወራት እንዳለቀ አንድ ቅዳሜ የፒ ቲያልን ጣሳ ስገለብጥ ሦስት እፍኝ ብቻ ወጣ። ፒ ቲያል ከመንደሩ በታች፣ ቁልቁለቱ መጨረሻ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። እኛ አያት ለመሆን የደረሰችን ሴት ሁሉ ፒ ብለን ነው የምንጠራው። በሰንበት ትምህርት ቤት ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ጆሮዬን የቆነጠጡኝም እሳቸው ናቸው፤ እስከዛሬም ከእናቴ ቀጥሎ የምወደው ሰው ቢኖር እሳቸውን ነው። ልጃቸው ለሥራ ማሌዥያ ከሄደ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። እርሻቸውን ደግሞ በዚያ ክረምት የመሬት ናዳ ይዞት ወርዷል። ሳልጠይቃቸው፣ ሰሞኑን የሚስማማቸው ጎደሬ ብቻ እንደሆነ፣ ሩዝ ሆዳቸውን እንደሚነፋቸው ነገሩኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አንድ እፍኝ ወጣ።

ማኅበራችን ረቡዕ ረቡዕ ይሰበሰባል። ከጸሎቱ በኋላ ሁለት ሁለት ሆነን እንቀመጥና በሳምንቱ ለጎረቤት ምን በጎ ነገር እንደሠራን እንጠያየቃለን፤ የሰነፈችውን ለማነቃቃት ነው። የእኔ ጠያቂ ኪልቴ ናት። ኪልቴ ስትጠይቅ ፖሊስ ነው የምትመስለው። አንዴ ለአራስ እንጨት ተሸክሜያለሁ ብላት፣ ስንት ሸክም ብላ አፋጣኛለች። የፒ ቲያልን ነገር የነገርኩት ለእሷ ብቻ ነው። ወዲያው ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ዛሬውኑ አንድ ቁና ሩዝ እንውሰድላቸው አለች። እኔ ግን የብርድ ልብሱን ነገር አስታወስኳት። ባለፈው ገና ማኅበሩ በራቸው ላይ ያስቀመጠላቸውን አዲስ ብርድ ልብስ፣ ፒ ቲያል በነጋታው በሥርዓት አጣጥፈው ቤተ ክርስቲያን መልሰውታል። ሴትየዋ ኩሩ ናቸው፤ ሩዙንም መመለሳቸው አይቀርም ነበር።

መላውን የዘየድኩት እኔ ነኝ፤ በማንም አላሳብብም። ቅዳሜ ጣሳቸውን ልገለብጥ የገባሁ መስዬ እሞላዋለሁ። ማን እንደሞላው አያውቁም፣ የሚመልሱለትም ሰው የለም፣ ቀቅለው ይበላሉ። ኪልቴ ግማሹን ሩዝ አመጣች፣ ግማሹን እኔ። በብልጠቴ በጣም ኮራሁ።

ሦስት ቅዳሜ እንዲህ አደረግሁ። እሳቸው ደጅ ሆነው ከጎረቤት ዶሮ ጋር ሲጣሉ፣ እኔ ጓዳ ገብቼ ጣሳውን እስከ አፉ እሞላለሁ። በሳምንቱ ስመለስ ባዶ ሆኖ አገኘዋለሁ፤ ከሥሩ አንዲት እፍኝ ብቻ። በልተውታል ብዬ ለኪልቴ ስነግራት እንደ ልጃገረድ እጅ ለእጅ ተያይዘን ሳቅን። የፒ ቲያል ፊት እየከሳ መሄዱን አይቻለሁ። ብርዱ ነው፣ እርጅናው ነው እያልኩ አለፍኩት።

ከሦስተኛው ቅዳሜ ማግስት፣ እሑድ ከአምልኮ በኋላ፣ ፓስተር ቱም ለብቻዬ ጠራኝ። ፓስተራችን ገና ወጣት ነው፤ እኔን ትንሽ ይፈራኛል። እንቅልፍ እንዴት ነው አለኝ። የሰው ስም ይጠፋብሽ ጀምሯል ወይ አለኝ። ለአገልግሎት ጊዜ እንዳለው ሁሉ ለዕረፍትም ጊዜ አለው አለኝ። የምትለውን በቀጥታ በለኝ፣ ቤት ሥራ አለብኝ አልኩት።

«ፒ ቲያል ሦስት እሑድ በተከታታይ በማለዳ ቤቴ መጥተዋል» አለኝ፣ ጫማውን ጫማውን እያየ። «በየጊዜው ሙሉ ጣሳ ሩዝ ይዘው። ‹ሱንግ ጣሳዬን ከረጢቷ ውስጥ መገልበጥ ትታ ከረጢቷን ጣሳዬ ውስጥ ትገለብጣለች፤ የልጅቷ አእምሮ መሳት ጀምሯል። የጌታ ነገር እንዳይጎድልባትና በሰው ፊት እንዳታፍር እኔ አመጣልሃለሁ፤ አንተ ቀስ ብለህ አሳርፋት› ነው የሚሉኝ።»

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ከዚያ ነገሩ ሲገባኝ የቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ቁጭ አልኩ። ከእሳቸው ቤት እስከ ፓስተሩ ቤት ያለው ዳገት እኔን እንኳ ሦስት ጊዜ ያሳርፈኛል። ሴትየዋ በባዶ ሆዳቸው፣ የእኔን ሩዝ ተሸክመው፣ የእኔን ስም ሊጠብቁ ያንን ዳገት ወጥተዋል። እኔ ሞኟ ደግሞ ሩዝ የጨመርኩላቸው በመንደሩ ውስጥ ማንም ሴት ሞቷን ብትሞት እጇን በማትሰድበት ዕቃ ውስጥ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የሰበሰብኩ ሴት ይህን እንዴት አጣሁት?

ቁልቁለቱን እየሮጥኩ ወረድኩ። ፒ ቲያል ምድጃው አጠገብ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠው ነበር። ድስቱን ከፍቼ አየሁት፤ የዱባ ቅጠልና ውኃ ነው። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ፤ ነይ ልጄ፣ ቀስ ብለሽ ተቀመጪ አሉኝ፣ ታማሚው እኔ እንደሆንኩ ሁሉ።

«ፒ፣ አእምሮዬ ደህና ነው» አልኳቸው። «ሩዙን የሞላሁት ሆን ብዬ ነው። እንዲበሉት ብዬ ነው።»

እንጨቱን ወደ እሳቱ ገፋ አድርገው ትክ ብለው አዩኝ። ሲቆጡ እንዲህ ነው የሚያዩት፤ ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። ጆሮዬን ሳላስበው በእጄ ሸፈንኩ።

«የሰጠሽው ለጌታ ነው እንጂ ለእኔ አይደለም» አሉ። «ለእኔ መስጠት ቀላል ነበር። ፊቴን አይተሽ፣ ፒ ርቦዎታል ወይ ማለት ብቻ።»

«ይመልሱብኛል ብዬ ፈርቼ ነው። ብርድ ልብሱንም መልሰዋል።»

«በር ላይ ጥላችሁት ሄዳችኋላ። ዐሥራ ሁለት ሴቶች መጣችሁ፣ በስንጥቁ ቆጠርኳችሁ፤ አንዳችሁ እንኳ አንኳኩታ አልገባችም። ያን ገና ብቻዬን ነው የዋልኩት፣ ሱንግ። ብርድ ልብስ ምን ያደርግልኛል?»

የማለቅስ ሴት አይደለሁም፤ ያን ዕለት ግን አለቀስኩ። ለካ እኛ በስውር መስጠት የምንለው፣ ለእሳቸው ከደጅ መመለስ ነበር። እጃቸውን ይዤ ይቅር እንዲሉኝ ለመንኳቸው። እጃቸው ቀዝቅዞ፣ አጥንቱ ብቻ ቀርቶ ነበር። ከዚያም በግልጽ ጠየቅኳቸው።

«ፒ፣ ርቦዎታል?»

ሦስት ጊዜ ያህል አፋቸውን ከፈት አድርገው መልሰው ዘጉት። የጎደሬው ሰበብ ሊመጣ ነው ብዬ ጠበቅሁ።

«ርቦኛል» አሉ። «ከትናንት ወዲያ ጀምሮ።»

እንዲጠብቁኝ ነገርኳቸውና ቤቴ ሄድኩ። ሩዝ፣ ከባሌ ሳሕን ላይ የነሣሁትን የደረቀ ሥጋና ሁለት እንቁላል ይዤ፣ በጓሮ ሳይሆን በዋናው መንገድ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ ተመለስኩ። ወዴት ነው ላለኝ ሁሉ ፒ ቲያል ጋ ምሳ ልበላ ነው አልኩ። ኪልቴ ከደጇ ሆና ሰማችኝና ምንም ሳትጠይቅ ተከተለችኝ፤ ኪልቴ ሳትጠይቅ ቀርታ የማውቀው ያኔ ብቻ ነው።

ሦስታችን በላን። ፒ ቲያል ቀስ እያሉ፣ እያረፉ፣ ሁለት ሳሕን ጨረሱ። ሩዙ ብዙ ውኃ እንደጠጣ፣ ሥጋውን እንዳከረርኩት፣ እናቴ ብትኖር እንደምታፍርብኝ ነገሩኝ። ኪልቴ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። እኔ ስሰደብ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ዕቃውን አጣጥቤ ልነሣ ስል ቀሚሴን ያዝ አደረጉኝ።

«ነገ ዝንጅብል ይዘሽ ነይ» አሉኝ። «የዱባ ቅጠሉ ከእኔ ነው።»