አስቸግሮን የማያውቀው በሽተኛ

ሃያ ሁለት ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ። እኔን የሚያታልል በሽተኛ ገና አልተወለደም ብዬ አፌን ሞልቼ እናገር ነበር። ያታለለኝ አንድ ዝምተኛ ግንበኛ ነው፤ ያውም ሳያስበው።

ሥራ ላይ ከመወጣጫ ወድቆ፣ ጭኑ ተሰብሮ ነው የመጣው። ሰባት ቁጥር አልጋ ላይ አምስት ሳምንት ሲተኛ አንድም ቀን ደወል አልደወለም። ሾርባው ቀዘቀዘ ብሎ አልተነጫነጨም። "እንዴት አደርክ?" ስንለው "ደህና" ይላል፣ በቃ። ከጎኑ የተኛው ሹፌር ትራስ አንሱልኝ፣ ትራስ መልሱልኝ እያለ ነፍሳችንን ያወጣ ስለነበር ግንበኛውን "መልአኩ" አልነው። ጠዋት ፈረቃ ስንረካከብ ስለ ሹፌሩ ሩብ ሰዓት እናወራና "መልአኩ ሰላም ነው" ብለን እናልፋለን። ብዙውን ጊዜ እንዲህ የምለው እኔ ነበርኩ።

ቁስሉ ግን አልድን አለ። ምግቡን ሁለት ጊዜ ጎርሶ ይተወዋል። ሐኪሙ መድኃኒት ቢቀያይርለትም ከቀን ወደ ቀን እየከሳ ሄደ፤ በዚህ ከቀጠለ ሰውነቱ አይችለውም አለን።

አንድ ቀን ርክክብ ላይ ሳለን የክፍሉ ፅዳት ሠራተኛ መወልወያዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ መሃላችን ገባች።

"ሲስተር፣ ያ ሰውዬ እየሞተ እኮ ነው።"

ቆሽቴ አረረ። "ደግሞ ሐኪም ሆንሽልን?" አልኳት።

"አልሆንኩም። ግን ስወለውል ሁሉም ይጮህብኛል። ቦርሳዬን አረጠብሽ፣ አልጋዬን ነቀነቅሽ ይሉኛል። ትናንት የሱ ጫማ ላይ ባልዲ ሙሉ ውሃ ደፋሁበት። ዞር ብሎም አላየኝ። ሰው ጫማው ግድ ካልሰጠው፣ ተነስቶ መሄድ አላሰበም ማለት ነው።"

ክው አልኩ። ሐኪሙም፣ እኔም፣ ያን ሁሉ ካርድ የሞላነው ሁሉ ያላየነውን እሷ ከወለሉ ላይ አይታዋለች።

ቀጥታ ወደ ሰባት ቁጥር ሄጄ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ግንበኛው ምን ይዤ እንደመጣሁ ለማየት እጄን እጄን ያያል።

"ምንም አልያዝኩም ጋሼ። ላጫውትህ ነው።"

ዓይኑን ወደ ጣሪያው መለሰ። ከዚያ ስለ አየሩ እንደሚያወራ ሰው ረጋ ብሎ፣ "ጠዋት ስነቃ ምነው ባልነቃሁ እላለሁ" አለኝ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከመጣሁ ሳምንት ሳይሞላኝ።"

"ምነው ታዲያ ዝም አልከን?"

"ሥራ ይበዛባችኋል። ሰው ማስቸገር አልወድም።"

አፈርኩ። አምስት ሳምንት ሙሉ ስናመሰግነው የኖርነው በሕመሙ ነበር።

የዚያኑ ዕለት የአእምሮ ሐኪም መጣችለት። ለረጅም ሰዓት አነጋግራው ስትወጣ፣ ይሄ ራሱን የቻለ በሽታ ነው፣ ይድናል፣ ግን መድኃኒቱ እስኪይዝለት ሳምንታት ይፈጃልና ብቻውን አትተዉት አለችን። ተራ አወጣን። ፅዳት ሠራተኛዋም ተራ ስጡኝ አለች። እኔ ማታ ስወጣ "ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እመጣለሁ" አልኩት። "እሺ" አለ፣ እንደ ልማዱ። ነገ የዕረፍት ቀኔ መሆኑ ትዝ ያለኝ ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው።

ሄድኩ። አውቶቡሱ ቆሞብኝ ስደርስ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ግንበኛው በክንዱ ተደግፎ ቀና ብሏል፤ ዓይኑ በሩ ላይ ነው።

"ሁለት ሰዓት አላልሽም ነበር?" አለኝ ግንባሩን ቋጥሮ። "ሰው ይጠብቃል አይባልም እንዴ?"

ልጅ ሲወለድ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ቆሞ የነበረ ልብ እጄ ስር እንደገና ሲመታም ተሰምቶኝ ያውቃል። እንደዚያ ቁጣ ግን ያስደነቀኝ ነገር የለም። ገና ብዙ ሕክምና እንደሚቀረው አውቃለሁ። ቢሆንም ከማንም ምንም የማይፈልገው ሰው ጠዋት ነቅቶ ሰዓት ሲቆጥር ነበር፤ ብዘገይበት ተናደደ። ይህን ያህል ትልቅ ነገር በግማሽ ሰዓት መዘግየት ውስጥ እንዴት እንደሚያድር ዛሬም አይገባኝም። ወንበሩን ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

"ይቅርታ ጋሼ" አልኩት። በዕድሜዬ እንደዚያ ደስ እያለኝ ይቅርታ ጠይቄ አላውቅም።