በለሷን ያስተኙ ዕለት

"ሳብ! እኔ ሥሯን ስቆርጥ አንተ ወደ ጉድጓዱ አስተኛት!" አለ ኑንዚዮ በጉልበቱ ተንበርክኮ።

ልጁ ዶናቶ ገመዱን በሁለት እጁ ጨብጦ ወደ ኋላ ተንጋለለ። የበለስ ዛፏ ሲጥ ሲጥ እያለች ጎነበሰች።

"ወገቤን! አባዬ፣ የቶሮንቶ ብርድ አልተስማማኝም እያለችህ እኮ ነው።"

"አንተንም እዚሁ ብርድ ላይ ነው ያሳደግንህ። ዝም ብለህ ሳብ!"

ከደቡብ ጣሊያን የመጡት የሰፈሩ ካላብሪያዎች በኅዳር እንዲህ ያደርጋሉ። የበለሳቸውን ሥር በአንድ ጎን ቆርጠው ያስተኟታል፤ ጠቅልለው አፈር ያለብሷታል፤ በረዶው ሲቀልጥ መልሰው ያቆሟታል። ድሮ ቅርንጫፎቹን ሰብስባ የምታስረው የኑንዚዮ ሚስት ኢማኮላታ ነበረች። አእምሮዋ ከከዳት ወዲህ ግን አንዳንድ ቀን ዶናቶን እንኳ "የማን ልጅ ነህ?" ትለዋለች።

አባትና ልጅ ዛፏን በነጭ ብርድ ልብስ ጠቅልለው ጉድጓዱ ውስጥ አጋደሟት። ዶናቶ አፈር መመለስ እንደጀመረ የኩሽናው በር ተበረገደ። ኢማኮላታ በሌሊት ልብሷ ደረጃው ላይ ቆማለች።

"ኑንዚዮ! ሳትነግረኝ ልትቀብራት ነው?"

ዶናቶ ሳቁ መጣ። "እማዬ፣ በለሷ እኮ ናት! ግቢ፣ ይበርድሻል።"

"አንተ ደግሞ ማነህ? በልጄ ቀብር ላይ ትስቃለህ?"

ኑንዚዮ ክው አለ። ዶናቶ ከመወለዱ በፊት ፊሎሜና የምትባል ልጅ ነበረቻቸው፤ ገና ጨቅላ ሳለች ሞተች። ኢማኮላታ በወሊዱ ደም ፈስሷት ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ኑንዚዮ እስክትወጣ መጠበቅ ይችል ነበር፤ ያቺን ትንሽ ሣጥን እያየ መቆየት ግን አልሆነለትም። ከአንድ ቄስ ጋር ሄዶ ቀበራት። ኢማኮላታ ከሆስፒታል ስትወጣ "የት ነው የቀበርካት?" ብላ ጠየቀችው፤ ወስዶ አሳያት። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አልወቀሰችውም። እሱም ይቅር ያለችው መስሎት ኖረ።

"ለምን አልጠበቅከኝም?" አለች እንባዋ እየወረደ። "ማን አለበሳት? ይበርዳታል እኮ!"

"እኔ ነኝ" አለ ኑንዚዮ። "አንቺ የሠራሽላትን ሹራብ አልብሻታለሁ።"

"ቢጫውን?"

"ቢጫውን።"

ዶናቶ አፈጠጠ። እህት እንደነበረችው ያውቃል፤ ስለ ሹራቡ ግን ማንም ነግሮት አያውቅም። ወደ አባቱ ተጠግቶ "አባዬ፣ አታባብስባት። ላስገባት?" ሲል አንሾካሾከ።

"ተዋት።"

"በረዶው ሲቀልጥ ዛፏን ስናወጣትስ? ያኔ እማዬን ምን ልትላት ነው?"

ኑንዚዮ ጉድጓዱን አየ። ዛፏን የተከላት እሱ ነው፤ በየዓመቱ አስተኝቶ በየዓመቱ ያነሳት እሱ ነው።

"አናወጣትም" አለ። "ይልቅ ሂድና የእናትህን ጥቁር ካፖርት አምጣ።"

ከዚያ ቆቡን አወለቀና ደረጃውን ወጥቶ ወደ ጉድጓዱ እንዲወስዳት ክንዱን ሰጣት።