አዝዬው እመጣለሁ

አንዷለም የስምንት ወር ልጅ እያለ ሳንባ ምች ያዘውና ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል አምስት ቀን ተኛን። በሦስተኛው ቀን ትንፋሹ እንደ ወናፍ ሲሆንብኝ ኮሪደር ላይ ወጥቼ ተሳልኩ። «እመቤቴ፣ ይህን ልጅ አትርፊልኝ እንጂ አዝዬው ሾላዋ ማርያም ድረስ እመጣለሁ» አልኩ። ሾላዋ የምንላት የእናቴ አገር ማርያም ናት፤ ከጉንደ ወይን በእግር አንድ ሰዓት ታስኬዳለች። ግቢዋ ውስጥ ትልቅ ሾላ አለ።

ልጁ ተረፈ። እኔ ግን አልሄድኩም።

ረስቼ አይደለም። መጀመሪያ ክረምት ገባ፣ ወንዙ ሞላ። ክረምቱ ሲወጣ መቅዲን አርግዤ ያስመልሰኝ ጀመር። መቅዲ ስትወለድ ደግሞ ሰማንያ ቀን ሞልቷት እስክትጠመቅ ቤተ ክርስቲያን አልገባም። ከዚያ በኋላ ሁለት ልጅ በአንዴ አይታዘልም። ባለቤቴ ቢያዝን ልብስ ሰፊ ነው፤ ቁልፍ የምተክልለትና ጠርዝ የምዘመዝምለት እኔ ነኝ፤ የማርያም ዕለት ሲደርስ ደግሞ ሁልጊዜ የሆነ ሰው ልብስ ይደርሳል። «ለግንቦት» እላለሁ፣ ግንቦት ይመጣል። «ለጥቅምት» እላለሁ። አንድ ቀን ቀና ብዬ ሳይ አንዷለም በእግሩ ሮጦ ትምህርት ቤት ገብቷል።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ አራቱንም አሳደግኩ። እንዴት አድርጌ እንዳሳደግኳቸው ግን እኔ አውቃለሁ። ጸሎት ያስተማርኳቸው እግር እያጠብኩ፣ ጸጉር እየሠራሁ፣ ወጥ እያማሰልኩ ነው። «ቶሎ በሉ» ነበር ቃሌ ሁሉ። ልጆቼ እስከ ዛሬ አቡነ ዘበሰማያትን በአንድ ትንፋሽ ነው የሚሉት፣ ጅብ እንደሚያባርረው ሰው። ቅዳሴም ቢሆን እንደ ሰው አስቀድሼ አላውቅም። ወንጌል ሊነበብ ቃጭሉ ሲመታ አንዷለም ይደነግጥና ይጮኻል። ይዤው እወጣለሁ። ደጅ ቆሜ እያወዛወዝኩት በግድግዳው የሚያልፈውን ያህል እሰማለሁ። ሲተኛልኝ እመለሳለሁ። ከእሱ በኋላ መቅዲ፣ ከመቅዲ በኋላ ሦስተኛው፣ ከዚያ የመጨረሻው። «አንድ ቀን እጄ ባዶ ሆኖ፣ ማንም ሳያለቅስብኝ አስቀድስ ይሆን?» እያልኩ እመኝ ነበር።

አሁን ሁሉም ወጥተዋል። ቤቱ ጭር ብሏል፣ ጊዜ ሞልቶኛል። ግን ቃጭሉ ሲመታ እጄ ሳላዘው ወደ ጀርባዬ ይሄዳል፣ ቸብ ቸብ ሊያደርግ። ምንም የለም። ነጠላዬን እንዳስተካከለ ሰው ሆኜ እመልሰዋለሁ።

ባለፈው ፋሲካ አንዷለም ከባሕር ዳር መጣ። እዚያ የአሉሚኒየም በርና መስኮት ይሠራል። ሸሚዝ ሲቀይር አንገቱን አየሁት፤ ማተብ የለውም። ያን ሰሞን እህል አልወርድልሽ አለኝ። የእመቤቴን አደራ በልቼ ነው ልጁ እንዲህ የራቀው፣ አልኩ በሆዴ።

ለንስሐ አባቴ ለአባ ገብረ ኪዳን ነገርኳቸው።

«ምን ብለሽ ነበር የተሳልሽው?» አሉኝ።

«አዝዬው እመጣለሁ ብዬ።»

«ልጁ ስንት ዓመቱ ነው?»

«ሃያ ዘጠኝ።»

ሳቃቸውን በጋቢያቸው ያዙት። «በይ ጃንጥላ አግቢላት። እኔም እጸልይበታለሁ፣ ይለወጥልሻል።»

«ጃንጥላ አልተሳልኩም እኮ አባ።»

«እንግዲያ ይዘሽው ሂጂ። ሌላውን እሷ ታውቃለች» አሉኝ።

ቤት ገብቼ ለቢያዝን ብነግረው መርፌውን ሳያቆም «ወገብሽን የማሸው እኔው ነኝ» አለ።

ለአንዷለም ደወልኩ። «ጥቅምት ሃያ አንድን ሾላዋ ማርያም አብረን እንድንውል ፈልጌ ነበር።»

«እናያለን እማ።»

«እናያለን አትበለኝ።»

«ሥራ አለ እኮ። ምን ተገኘ?»

«ስትመጣ እነግርሃለሁ።»

መንገዱ ተዘግቶ ከርሞ ገና መከፈቱ ነበር፤ እሱን ሰበብ ያደርጋል ብዬ ፈርቼ ነበር። «እሺ፣ በሞጣ በኩል እመጣለሁ» አለ።

እኔ በደብረ ወርቅ በኩል፣ እሱ በሞጣ በኩል ሄደን በዋዜማው ጉንደ ወይን ተገናኘን። ዘመድ ቤት አድረን ጠዋት በእግር ወጣን። ጤፉ ጎንበስ ብሏል፤ ጤዛው ቀሚሴን እስከ ጉልበቴ አራሰው። እየሄድን ነገርኩት። ቆመ።

«እኔን? አዝለሽ?»

«እኮ።»

ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ። «ያኔ ስንት ኪሎ ነበርኩ?»

«ከሆስፒታል ስትወጣ ስድስት ተኩል።»

«አሁን ሰማንያ ሁለት ነኝ። አይሱዙ ነው የሚያስፈልግሽ።» ሳቁ ግን ቶሎ ሞተ። «ለዚህ ነው ይህን ሁሉ ዓመት ስትጨነቂ የኖርሽው?»

«ለዚህም ነው» አልኩና አንገቱን ላለማየት ወደ ጤፉ ዞርኩ። እሱ ግን ገባው። ኮሌታውን ሳብ አደረገ።

«ተበጥሶብኝ ነው። ሌላ አላሰርኩም።»

«መች?»

«ቆየ።»

ተነሥቶ ፊት ፊቴ ሄደ።

ሾላዋ ስንደርስ የግቢዋን ደጅ ተሳልመን ጫማችንን አወለቅን። እኔ ልገባ ስል ከኋላዬ መጥቶ ሁለት እጁን ትከሻዬ ላይ ጣለ፤ ደረቱን ጀርባዬ ላይ አስደገፈ።

«በይ ተሸከሚኛ።»

«ተው፣ ሰው ያያል።»

«ይይ። ስእለቱ የማን ነው?»

ነጠላዬን አውርጄ በእሱ ጀርባ አዞርኩና ጫፉን ደረቴ ላይ ቋጠርኩት። አልደርስ ሲለኝ ጎንበስ አለልኝ። እንዲህ ሆነን ገባን። በእግሩ ነው የሚሄደው፤ ቢሆንም ከበደኝ። ትንፋሹ ማጅራቴ ላይ ነበር። እንደ ወናፍ አይደለም፤ የደኅና ሰው ትንፋሽ ነው።

የእናቴ ጎረቤት የነበሩት እትዬ አመተ ሥላሴ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ግድግዳው ሥር ቆመዋል። «አንቺ ታየች፣ ይሄ ልጅ መች ነው የሚወርደው?»

«ገና ዛሬ ነው ያዘልኩት እትዬ።»

«ጡት ብቻ እንዳይጠይቅሽ» አሉ፤ ሴቶቹ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ይዘው ሳቁ። ዞር ብዬ ሳየው አንዷለም አንገቱ ድረስ ቀልቷል፤ ግን እጁን አላነሣም።

የቤተ ክርስቲያኑ በር ጋ ስንደርስ ቋጠሮውን ፈታሁት። እሱ በወንዶቹ በኩል ገባ፣ እኔ በሴቶቹ በኩል። ስእለቴን አደረስኩ ብዬ ልቤ ዕረፍት ሊያገኝ ሲገባው ጆሮዬ ወንዶቹ ጋ ሄደ። ሕዝቡ በተሰጥዎ ሲመልስ የእሱን ድምፅ እፈልጋለሁ። አልሰማውም።

ከዚያ ቃጭሉ ተመታ። እጄ ወደ ጀርባዬ ሄደ። ቀና ስል በወንዶቹ በር አንድ ረጅም ጀርባ ሲወጣ አየሁ።

ወንጌል ሲነበብ መውጣት እንደማይገባ አውቃለሁ። ያ ሁሉ ዓመት የተመኘሁት ጸጥታም ይኸው፣ እጄ ባዶ ነው፣ ማንም አያለቅስብኝም። እግሬ ግን መንገዱን ያውቀዋል። ወጣሁ።

ሾላው ሥር ቆሟል፤ ስልኩን እንኳ አልያዘም።

«ምነው ወጣህ?»

«ሰው ሁሉ ይመልሳል። ሕፃናቱ ሳይቀሩ ይመልሳሉ። እኔ ጠፋብኝ። አፈርኩ እማ።»

«ድሮም ከዚህ አታልፍም ነበር። ቃጭሉ ሲመታ ነበር የምትጮኸው።»

«ከዚያስ?»

«ይዤህ እወጣና እንደዚህ ደጅ እንቆማለን።»

ግድግዳውን አየ። የቄሱ ድምፅ እየራቀ እየቀረበ ይሰማል። «አንቺ አትመለሽም?»

«አንተ ስትተኛ ነበር የምመለሰው።»

«አሁን አልተኛም እኮ።»

«እንግዲያ እዚሁ ነን» አልኩት።

ነጠላዬን ግማሹን ትከሻው ላይ ጣል አደረግኩለትና ቆምን። የሚመለሰውን እኔ በቀስታ እላለሁ፤ እሱ ከንፈሩን ብቻ ያንቀሳቅሳል። ብዙ ቆይቶ ውስጥ አቡነ ዘበሰማያት ሲባል ይህቺንስ አውቃታለሁ ብሎ ነው መሰል ጀመረ፤ በአንድ ትንፋሽ፣ እኔ እንዳስተማርኩት።

«ቀስ በል» አልኩት።

በዕድሜዬ ለአንዱም ልጄ ቀስ በል ብዬ አላውቅም። እሱም ገርሞት አቁሞ አየኝ። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ፣ አንድ ቃል፣ አንድ ቃል። ከሰዓት የሞጣ መኪና እንደሚጠብቀው አውቃለሁ። እኔም ከእሱ ኋላ ቀስ አልኩ።