ከእሳት ማጥፊያው ቀጥሎ የነገሠው

አስጎብኚውን ባልደረቦቹ ዜና መዋዕል ይሉታል። ሐሜት ይሁን ሙገሳ ጠይቆ አያውቅም፤ ሙገሳ መሆኑን እርግጠኛ ነበራ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ በአሮጌው ቤተ መንግሥት ረጅም ኮሪደር ላይ እየተመላለሰ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ሠላሳ አንድ ነገሥታትና ንግሥታት ማን ማንን እንደ ወለደ፣ ማን ማንን እንደ ገለበጠ፣ ማን በማን እግር እንደ ተተካ አንዲት ወረቀት ሳይዝ ይተርካል። ሲጀምር ጉሮሮውን ይጠርጋል። ሲጨርስ ሰው እንዲያጨበጭብ ቆም ይላል። ሳያጨበጭብ የቀረ ካለ፣ ከመሥራቹ ንጉሥ ጀምሮ እንደገና ሊያወራለት ይዳዳዋል።

ይህ ሁሉ ወሬ የሚጠራቀምበት ቤቱ ነው። ቤት ውስጥ ሚስቱ አለች፣ አማቱ አሉ፣ ሁለት ሴት ልጆች አሉ፤ አራቱም ምላሳቸው አይደክምም። «ዛሬ አንድ እንግዳ ምን አለኝ መሰላችሁ» ብሎ ሲጀምር፣ «መሰላችሁ» ላይ ሳይደርስ ጨዋታው የጎረቤት መጋረጃ ላይ ደርሷል። አማቱ አንዴ፣ «ይሄ ልጅ ጭምት ነው፤ መቼስ ዝም አይነቅዝም» ብለው አመስግነውታል። እሱ ግን በውስጡ ነቅዟል። ኮሪደሩ ባይኖርለት ምን እንደሚውጠው ማሰብም አይፈልግም።

አዲሷ ኃላፊ ሰኞ ጠዋት ቢሮዋ ስትጠራው፣ ልታመሰግነው መስሎት ክራቫቱን አስተካክሎ ገባ።

«ጋሼ፣ ዓርብ ከአንድ የታሪክ ምሁር ጋር ሆነን ጉብኝትዎን እንከታተላለን» አለችው። «ሳይሳሳቱ ከጨረሱ ይቀጥላሉ። ከተሳሳቱ ግን ለጎብኚዎች የጆሮ ማዳመጫ እንገዛለን። ቁልፉን ሲጫኑት ራሱ ይናገራል።»

«እኔስ?»

«እርስዎ መጋዘን ይገባሉ።»

«መጋዘን ውስጥ ማን አለ?»

«ማንም የለም። ጸጥ ያለ ነው፤ ይመችዎታል።»

ቢሆንም ብዙም አልተሸበረም። ነገሥታቱን እንደ ውሃ ጠጥቷቸዋል፤ ከእንቅልፉ ቢቀሰቅሱት እንኳ ዐሥራ ሰባተኛው ላይ አይደናቀፍም። ማክሰኞና ረቡዕ ኮሪደሩ ቀለም ሊቀባ ተዘግቶ ዋለ። ሐሙስ ቀትር ላይ፣ ለልምምድ ብሎ በሩን ከፍቶ ሲገባ ቆሌው ተገፈፈ።

ቀለም ቀቢው እጁን በጨርቅ እየጠረገ መሐል ላይ ቆሟል፣ ፊቱ በርቷል። «እንዴት ነው ጋሼ? አላማረም? በፊት ዝብርቅርቅ ብሎ ነበር እኮ!»

ግድግዳውን ለመቀባት ሠላሳ አንዱንም ሥዕል አውርዶ፣ መልሶ ሲሰቅል ቀይ ካባ የለበሱትን ከቀዮቹ፣ ሰማያዊ የለበሱትን ከሰማያዊዎቹ፣ አረንጓዴዎቹን ከአረንጓዴዎቹ ጋር አሰልፏቸዋል። ሦስት መቶ ዓመት በጦርነት፣ በጋብቻና በመርዝ የተሰደረው የዙፋን ተራ፣ በአንድ ጠዋት በካባ ቀለም ተሰድሮ ቁጭ አለ። አባቱን የገለበጠው ልጅ ከአባቱ በፊት ነግሧል። ሁለት መቶ ዓመት የሚራራቁ ሁለት ንግሥቶች ደግሞ እንደ ጡት እኅትማማቾች ጎን ለጎን ተሰቅለዋል።

«ግድ የለም፣ እኔ እመልሳቸዋለሁ» አለና ቀለም ቀቢውን ሸኘው። ከዚያም መሥራቹን ንጉሥ ፍለጋ ከመጀመሪያው ሥዕል ፊት ቆመ። ወደ ሁለተኛው ሄደ። ወደ ሦስተኛው ሄደ። ኮሪደሩን ጨርሶ ተመለሰ። አንዳቸውንም አላወቃቸውም።

ነገሩ ወዲህ ነው። ዜና መዋዕል የሚያውቀው ነገሥታቱን ሳይሆን ግድግዳውን ኖሯል። መሥራቹ ማለት ከበሩ አጠገብ ያለው ነው። ወንድሙን ያሰረው፣ ከመብራት ቆጣሪው ሥር ያለው። የመጀመሪያዋ ንግሥት፣ መስኮቱ ፊት ለፊት። ቤተ መንግሥቱን በሻማ ያቃጠለው ቁጡ ንጉሥ ከእሳት ማጥፊያው ቀጥሎ ስለ ነበረ፣ እሱንማ ለመርሳት ሞኝ መሆን ያስፈልጋል። አሁን ከእሳት ማጥፊያው ቀጥሎ ያለው ማን ይሁን ማን፣ እግዜር ይወቀው።

ደግሞም ፊታቸው አይረዳም። ሠላሳ አንዱንም የሣላቸው አንድ ሠዓሊ ነው፤ ሁሉንም በአንድ ክረምት፣ የሚስቱን ወንድም ወንበር ላይ አስቀምጦ እያየ ነው የሣላቸው። ሁሉም አንድ ዓይነት አፍንጫ አላቸው። ንግሥቶቹ ያው የሚስቱ ወንድም ናቸው፣ ጢሙን ተላጭቶ ጉትቻ አድርጎ። ጉትቻ ያደረጉ ወንዶች ነገሥታት ስላሉ ደግሞ ይሄም አያስተማምንም። ከየሥዕሉ ሥር ስም የተቀረጸባቸው ሰሌዳዎች የነበሩ ጊዜ፣ ጎብኚው እነሱን እያነበበ ዜና መዋዕልን ጥሎት ያልፍ ጀመር። «የግድግዳውን ውበት ያበላሻሉ» ብሎ አቤቱታ ጽፎ ያስነቀላቸው ራሱ ነው። ሰሌዳዎቹ ቀልጠው የማን ቤት ማንኪያ እንደ ሆኑ አይታወቅም። የንብረት መዝገቡ እንደሆነ ስማቸውን እንጂ መልካቸውን አልያዘም።

መጋዘኑ ታየው፣ ጸጥታው ሳይቀር ተሰማው። እንደዚህ ሆኖ ግድግዳውን ተደግፎ እንደ ቆመ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ ላባ ባልዲያቸውን አንጠልጥለው ገቡ። እትዬ ላባ የተባሉት አቧራ የሚያራግፉበት የላባ መወልወያ ከእጃቸው ስለማይለይ ነው። በዕድሜ ዐሥር ዓመት ቢበልጡትም ዜና መዋዕል እስከ ዛሬ «አንቺ ሴትዮ፣ እንግዳ አለ፣ ዞር በይ» ከማለት ሌላ ቃል ተናግሯቸው አያውቅም። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል አሉ።

«እትዬ፣ እንደምን ዋሉ?»

እትዬ ላባ ባልዲውን አስቀምጠው ግራና ቀኙን አዩ። «ዋሉ? እኔ ነኝ ዋሉ? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። እኔ ልሞት ነው እንጂ» አለና ነገሩን ሁሉ ዘረገፈላቸው። እትዬ ላባ መጀመሪያ ፈገግ አሉ፣ ከዚያ ሣቁ፣ ከዚያ ባልዲውን ደፍተው እላዩ ላይ ቁጭ ብለው ዕንባቸው እስኪፈስ ሣቁ።

«ፊታቸውን አታውቀውም! እንዴት ታውቀዋለህ? ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጀርባህን ሰጥተሃቸው እኮ ነው የምታወራው!»

እውነት ነው፤ ሁልጊዜ የሚቆመው ፊቱን ወደ ሰዉ አዙሮ ነው። ዘለፋው ቢያመውም ዋጠው፣ መዋጥ የሚያዋጣበት ቀን ነበር።

እትዬ ላባ ተነሥተው ቀዮቹ መሐል ገቡ። «ይሄ ከበሩ አጠገብ የነበረው ነው። እየው፣ ክፈፉ ከታች በኩል ተላልጧል። የገባ ልጅ ሁሉ ይነካካዋል።»

«መሥራቹ!» ብሎ ዘሎ አወረደው።

«ይሄ ከቆጣሪው ሥር። ግራ ጆሮው ላይ ሸረሪት ትወድደው ነበር።»

«ወንድሙን ያሰረው!»

«ይቺ መስኮቱ ፊት ነበረች፤ ጉንጯን ጸሐይ በልቷታል፣ አንጀቴን ትበላኛለች።»

«የመጀመሪያዋ ንግሥት! አርባ ዓመት የነገሠችው!»

«ሠላሳ ስምንት ነው። ድሮ ሠላሳ ስምንት ነበር የምትለው። አርባ ያደረግካት ዘንድሮ ነው።»

«ለማጠጋጋት ነው።»

«ይሄ ጨፋሪው ንጉሥ ደግሞ፣ በፊት ከፈረስ ወድቆ ሞተ ትል ነበር። ቀጥሎ ከበቅሎ። አሁን አሁን ከመሰላል ሆኗል።»

«ታሪክ በየጊዜው ይጠናል እትዬ።»

«ከመሰላል የወደቅኩት እኔ ነኝ! እኔ ከወደቅኩ በኋላ ነው አንተ እሱን መጣል የጀመርከው!»

ዜና መዋዕል ደነገጠ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ማንም ልብ ብሎ እንደማይሰማው እያሰበ እንደ ልቡ ሲፈትል፣ ከኋላው አንዲት ሴት ወለል እየወለወሉ አንድም ቃል ሳያመልጣቸው ኖረዋል። እፍረትና ደስታ አንድ ላይ መጡበት፤ ሰሚ ነበረው ለካ።

ሲያወርዱ ሲሰቅሉ ቆይተው ሃያ ዘጠኙ ቦታቸውን ያዙ። የቀሩት ሁለት ናቸው። አንደኛው ሦስት ቀን ብቻ የነገሠው፣ ሁለተኛው እሱን ተክቶ ሠላሳ ሦስት ዓመት የገዛው። እትዬ ላባ ከአንዱ ወደ ሌላው ተመላለሱ።

«እነዚህ ከረጅሙ ቁም ሣጥን በላይ ነበሩ» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እዚያ ላይ በመሰላልም እጄ አይደርስም። እውነቱን ልንገርህና፣ አንድም ቀን አልወለወልኳቸውም።»

«ይሁን፣ አንዱን እዚህ፣ አንዱን እዚያ። ማን ያውቃል?» አለና ሰቀላቸው።

ዓርብ ጠዋት ኃላፊዋ መጣች፤ ምሁሩ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ከጎኗ ቆሙ። ከኋላቸው ለጉብኝት የመጡ ሃያ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠራተኞች ተከተሉ። ዜና መዋዕል ጉሮሮውን ጠረገና ጀመረ። ምን አለፋችሁ፣ በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ተናግሮ አያውቅም። ንግሥቲቱ ሠላሳ ስምንት ዓመት ነገሠች፤ ጨፋሪው ከፈረሱ ላይ ወደቀ። ስፌተኞቹ በቁጡው ሣቁ፣ በታሰረው ወንድም አዘኑ። ኃላፊዋ ወረቀቷ ላይ ምልክት እያደረገች ራሷን ትነቀንቃለች። እንዲህ እያለ ቁም ሣጥኑ ጋ ደረሰ።

«እነሆ፣ ሦስት ቀን የነገሠው ምስኪን!» ብሎ ወደ ኋላው በአውራ ጣቱ አመለከተ። «አክሊሉ ራሱ ላይ ሳይሞቅ ቀዘቀዘ። ቀጥሎ ያለው ደግሞ...»

«ይቅርታ» አሉ ምሁሩ። «በምን ለዩአቸው?»

ዜና መዋዕል ዞረ። ጉብኝት መሐል ዞሮ ሲያያቸው የመጀመሪያው ነው። የሠዓሊው የሚስት ወንድም ከሁለቱም ክፈፍ ውስጥ አፍጥጦ አየው።

«ካባቸውም አንድ ነው» አለች ከስፌተኞቹ አንዷ። «እጅጌው ላይ የተጣፈችው እራፊ ሳትቀር።»

መልስ አልጠፋውም። «በዐይናቸው ነዋ! ሦስት ቀን የሚነግሥ ሰው ዐይኑ ይቸኩላል» የሚል ምላሱ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ቢለው ኖሮ ይዋጥለት ነበር፣ ብዙ ዓመት የኖረው በዚህ ነው። ግን ከኮሪደሩ ጫፍ እትዬ ላባ መወልወያቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው ያዩታል። አልወለወልኳቸውም ያሉትን ሴት እያየ መዋሸት አቃተው።

«አላውቅም» አለ።

ቃሉ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። አንዴ ከወጣ በኋላ ግን ሌላው ተከታትሎ መጣ፤ የካባው ቀለም፣ ቆጣሪው፣ የተነቀሉት ሰሌዳዎች፣ የእትዬ ላባ ሸረሪት፣ መሰላሉ። ምሁሩ ምርኩዛቸው እስኪወድቅ ሣቁ። «እኔም አላውቅም! አርባ ዓመት አጥንቻቸዋለሁ፣ እነዚህን ሁለቱን የለየ ሰው የለም!»

ስፌተኞቹ ግን ዐይናቸው እትዬ ላባ ላይ ነበር። «እስቲ የመሰላሉን ይንገሩን!» አሏቸው። እትዬ ላባ ትንሽ አፈሩ፤ ከዚያ «እሺ፣ ከበሩ ልጀምርላችሁ» ብለው ጀመሩ። ፊታቸውን ወደ ሥዕሎቹ አዙረው፣ በመወልወያቸው እየጠቆሙ፣ የማን ቀለም እንደሚረግፍ፣ ማን ዝንብ እንደሚስብ፣ ከዚያም ማን ማንን እንደ ገለበጠ ተረኩ። ኮሪደሩ በሣቅ ተናጋ። ሲጨርሱ ያላጨበጨበ አልነበረም፤ ዜና መዋዕልም ሳይወድ በግዱ አጨበጨበ።

ኃላፊዋ ወረቀቷን አጠፈች። «ማዳመጫው ይቅር። ከሰኞ ጀምሮ እትዬ ያስጎበኛሉ። እርስዎ የእሳቸውን ሥራ ይይዛሉ።»

«እስከ መቼ?»

«ፊታቸውን እስኪለዩ።»

ተገለበጠ። ደም ሳይፈስ፣ መርዝ ሳይበጠበጥ፣ በላባ መወልወያ ተገለበጠ። እዚያው አልቅስ አልቅስ አለው፤ ሰው ፊት መሆኑ አስጨንቆት ባልዲውን አንሥቶ ሄደ።

ማታ እራት ቀርቦ እንደ ልማዱ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። አራቱም በአንድ ጊዜ ስለ አንድ ሠርግ ያወራሉ። ሚስቱ መልስ ሳትጠብቅ፣ «ሥራ እንዴት ዋለ?» ብላ ወደ ሠርጉ ተመለሰች።

«ሰው ፊት ተሳሳትኩና መወልወያ አስያዙኝ» አለ።

የትልቋ ልጅ ማንኪያ አየር ላይ ቀረ። ሚስቱ የሙሽራዋን ጫማ ግማሽ ላይ ተወችው። ዜና መዋዕል ጉሮሮውን ሳይጠርግ፣ ዓመተ ምሕረት ሳይቆጥር፣ ጀርባውን ለነገሥታቱ ሰጥቶ የኖረበትን ዘመን ነገራቸው። እትዬ ላባን አንቺ ሴትዮ ይላቸው እንደ ነበር ነገራቸው። ትንሿ ልጅ የቆጣሪው ወሬ ላይ ሣቀች፣ ሚስቱ የመሰላሉ ላይ አፏን ያዘች። ባልዲውን ያነሣበት ላይ ሲደርስ ቆመ። አሁን ወደ ሠርጉ ይመለሳሉ ብሎ ጠበቀ።

አማቱ ወንበራቸውን ወደሱ አስጠጉ።

«እሺ፣ ከዚያስ?» አሉ።