ይዟል

ቃሉን የጀመረው ኢስማኤል ነው። የጀመረውም ለቀልድ ነው፤ ኢስማኤል ከቀልድ ውጭ የሚናገረው ነገር ብዙም የለም።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ተስፋሁን ቴዎድሮስ አደባባይ፣ ታክሲ ተራው ላይ፣ በጥፊ ተመታ። የመታው ሚልክያስ ነው። ሚልክያስ ከተራ አስከባሪዎቹ አንዱ ሲሆን እዚያው ሰፈር ያደገ፣ ከተስፋሁን ጋር አንድ ክፍል የተማረ ልጅ ነው። ወረፋ ዘለልክ አለው፤ አልዘለልኩም አለ፤ ሰው ሁሉ እያየ ተመታ። ከተሰለፉት ሴቶች አንዷ ሳቀች። ቤት ገብቶ ለእህቱ ለማኅሌት ሲነግራት ስለ ጥፊው ብዙም አላወራም፤ ደጋግሞ ያወራው ስለ ሴትዮዋ ሳቅ ነው።

እንዲህ ያለ ነገር ድሮ ቢሆን ውሎ አያድርም ነበር። የሰፈሩ ሽማግሌ ጋሽ ገብረአብ ሁለቱንም ያስጠሩና፣ ሁለቱንም እኩል ሰድበው፣ ትከሻ ለትከሻ አጋጭተው ይሸኟቸዋል። አሁን የጋሽ ገብረአብ ቤት የነበረበት ቦታ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ሆኗል። እሳቸውም ከተማ ዳር ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ሄደዋል። ከሰፈሩ የቀረው ከዋናው መንገድ ጀርባ ያለው አንድ ረድፍ ቤት ብቻ ነው፤ የቀሩትም ሰዎች በራቸውን ዘግተው መቀመጥ ለምደዋል።

ከጥፊው በኋላ ተስፋሁንና ጓደኛው ኢስማኤል በዚያው ተራ በኩል ሲያልፉ ነው ቃሉ የተወለደው። ተስፋሁን አስም አለበት። ብርድ ሲሆን እጁን ከጃኬቱ የውስጥ ኪስ አያወጣም፤ የሚስበውን መድኃኒት፣ ፓፉን፣ ጨብጦ ነው የሚሄደው። ከተራ አስከባሪዎቹ አንዱ አየውና፣

«ሳሉ! ጉንጭህ እንዴት ነው?» አለው። ሳሉ የሚሉት ሁልጊዜ ስለሚያስል ነው።

ሌሎቹ ሳቁ። ልጁ ሊገፈትረው ጠጋ አለ። ኢስማኤል በአገጩ የተስፋሁንን ኪስ አመለከተና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ተው ወንድሜ። ይዟል» አለ።

ምን እንደያዘ አልተናገረም። ፒያሳ ላይ እንዲህ ሲባል ምን ብሎ የሚጠይቅ የለም። ልጁ ወደ ኋላ አለ።

ማኅሌት ይህን የሰማችው ከራሱ ከኢስማኤል ነው። ዩኒቨርሲቲ ፋርማሲ አጥንታ ማዘጋጃ ቤት አካባቢ ባለ አንድ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ለእናቱ የግፊት መድኃኒት ሊገዛ መጥቶ እየሳቀ ነገራት።

«በፓፍ አገር አስለቀቅን እኮ ማሒ! ጀነራል ሳሉ በሉት ከዛሬ ጀምሮ።»

«ምን እንዳደረግክ ታውቃለህ?»

«ወንድምሽን አዳንኩት። ሌላ ምን አደረግኩ?»

«ይዟል አልክ።»

«ዋሸሁ? ይዟል እኮ። ፓፍ ይዟል። ያውም አንቺ የሰጠሽውን!»

መድኃኒቱን በወረቀት ከረጢት አድርጋ ሰጠችው።

ቃሉ ከኢስማኤል ሳቅ ቀድሞ ሄደ። ተስፋሁን ሞባይል የሚጠግንበት ሱቅ ውስጥ ባንኮኒውን እየደበደቡ ይጮኹ የነበሩ ደንበኞች «ተስፍሽ፣ ሲመችህ» ማለት ጀመሩ። ሳሉ የሚለው ስም ጠፋ። ተራ አስከባሪዎቹ ሲያዩት ሌላ ቦታ የሚያዩ ሆኑ። እሱም ሳይበርደው እጁን ኪሱ መክተት ጀመረ። አካሄዱም ተለወጠ፤ ማኅሌት ከኋላው ስታየው የማታውቀው ሰው ይመስላት ነበር።

አንድ ማታ እራት ላይ፣ እናታቸው ጓዳ ሳለች፣

«ምንም እንዳልያዝክ ንገራቸው» አለችው።

«ለማን?»

«ለሚያወሩት።»

«እሺ። ማይክ ይዤ ጊዮርጊስ ልቁም? ‹እኔ ተስፋሁን የአስም በሽተኛ ነኝ፤ ኑና ምቱኝ› ልበል?»

«ሌላው ቢያምንስ? ቢፈራህስ? የፈራ ሰው እኮ...»

«ይፍራ።» ማንኪያውን አስቀመጠ። «አንቺ በመንገድ ስትሄጂ ማንም አያይሽም። እድለኛ ነሽ። እኔን ያዩኛል። ምን ሲያዩ እንደኖሩ ታውቂያለሽ? ቢመቱት ምንም የማይመጣበትን ሰው። ዲግሪ የለኝ፣ አባት የለኝ፣ ትንፋሽ እንኳን የለኝ። አሁን አንድ ቃል አገኘሁ፤ እሱንም ጣል ትይኛለሽ። ደግሞ ማንን ይገድላል? ባዶ ኪስ አይተኩስ።»

ማኅሌት የፈለገችው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ወንድሟ እንዳይገደል። ከአባታቸው ሞት በኋላ ቤቱ ውስጥ የቀረው ወንድ እሱ ነው፤ እናታቸው እሱ እስኪገባ በር አትቀረቅርም። ይህን ግን እንዴት እንደምትነግረው አላወቀችም። ሳህኑን አነሳች።

ሐምሌ ላይ ኢስማኤል ሳይስቅ መድኃኒት ቤቱ መጣ። ሌላው ደንበኛ እስኪወጣ ጠበቀ።

«ሚልክያስ ገዝቷል» አላት።

«ምን?»

«እውነተኛውን። ሽጉጥ። ልጆቹ አይተዋል። ‹ተስፋሁን ቂም ይዟል፣ መሣሪያ ይዟል፤ ባዶ እጄን ቆሜ ልጠብቀው?› ነው የሚለው። ምን ያድርግ ማሒ? እኔም ብሆን እገዛለሁ።»

«ለተስፋሁን እንዳትነግረው።»

«እሺ» አለ። ፊቷን ሳያይ ነው እሺ ያለው፤ ቶሎም ወጣ።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ማኅሌት ቸርችልን ቁልቁል ወረደች። የምትናገረውን መንገድ ላይ ስትደጋግም ነበር። ቴዎድሮስ አደባባይ ስትደርስ ሁሉም ጠፋባት።

«እህታችን፣ በየት ነሽ? ለገሃር? ሜክሲኮ?» አላት ሚልክያስ። ከዚያ አወቃትና ፊቱ ተለወጠ።

«አንተን ፈልጌ ነው» አለችው።

አንድ የተዘጋ ሱቅ በረንዳ ሥር ቆሙ። ማኅሌት ከቦርሳዋ ፓፍ አውጥታ እጁ ላይ አደረገችለት።

«ኪሱ ውስጥ ያለው ይኼ ነው። ሌላ ምንም የለም። የአስም መድኃኒት ነው። ኢስማኤል ለቀልድ ነው ያለው።»

ሚልክያስ አገላብጦ አየው። አናቱን ሲጫነው ትንሽ ጭስ የመሰለ ነገር ቱፍ ብሎ ወጣ። ሳቀ። ሳቁ ግን ወዲያው ከፊቱ ጠፋ።

«ለዚህ ነው?»

«ለዚህ ነው።»

«እንቅልፍ ካየሁ እኮ ቆየሁ። እህቴን ቸርች ስሸኝ እንኳን ዞር እያልኩ ነው የምሄደው። እዚህ ቆሜ ስጣራ ጀርባዬን ግድግዳ አስደግፌ ነው።»

«ለምን ይቅርታ አልጠየቅከውም ታዲያ?»

«ይዟል ከተባለ በኋላ?» አለ። «ፈርቶ ነው ይባላላ። ፈርቷል ከተባልኩ እዚህ ተራ ላይ አንድ ቀን አልውልም። ሾፌሩም፣ ረዳቱም፣ የራሴ ጓደኞችም ይጫወቱብኛል። ሳይባል በፊት ደግሞ፣» ፓፉን መለሰላት፣ «እውነቱን ልንገርሽ፣ ትዝም አላለኝ።»

ማኅሌት መሬት መሬት አየች።

«ማይልኝ» አላት። «እኛ ቤት መሐላ ክልክል ነው፤ እናቴ ብትሰማ ጉዴ ነው። አንቺ ግን ማይልኝ።»

ማኅሌት ምላ አታውቅም።

«እናቴ ትሙት፤ ምንም አልያዘም» አለች።

ሚልክያስ ረጅም ትንፋሽ አወጣ። «በቃ። ለሸጠልኝ ሰውዬ እመልስለታለሁ። ቅዳሜ ሱቁ ድረስ እሄዳለሁ። የመታሁት ሰው ፊት ነው፤ ይቅርታውም ሰው ፊት ይሁን።»

ስትመለስ አቀበቱ አልተሰማትም። ለተስፋሁን ግን አልነገረችውም። ልትነግረው ሁለት ጊዜ አፏን ከፍታ ነበር። ቃሉን ከላዩ ገፍፋ ለመታው ሰው እንዳስረከበች ቢሰማ ከጥፊው የባሰ ጥፊ እንደሚሆንበት አሰበች። ሚልክያስ ራሱ መጥቶ ይቅርታ ሲለው ያኔ ኩራቱ ሳይነካ ያልቃል አለች።

ያላወቀችው ነገር ነበር። ኢስማኤል እሷ ዘንድ የመጣው መጀመሪያ ለተስፋሁን ነግሮ ነው። ተስፋሁንም የዚያኑ ሳምንት ገዝቶ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ዝናብ ጣለ። ማኅሌት መድኃኒት ቤቱ ሆና ከተስፋሁን ሱቅ በኩል ድምፅ ስትሰማ ትራንስፎርመር የፈነዳ መስሏት ነበር። ከዚያ ሰው ሲሮጥ አየች።

ሱቁ ውስጥ የነበሩት ያዩት ይህን ነው። ሚልክያስ ከዝናቡ እየሮጠ ገባ። የጃኬቱን ዚፕ እስከ አንገቱ ዘግቶ እጆቹን ኪሱ ከቶ ነበር። እየሳቀ «ሳሉ!» አለ፤ ድሮ ክፍል ውስጥ እንደሚለው። ቀኝ እጁን ከጃኬቱ አውጥቶ፣ ትከሻውን አስቀድሞ፣ ተስፋሁንን ለሰላምታ ሊስበው በባንኮኒው ላይ ተንጠራራ። ተስፋሁን የሚሮጥ ሰውና ከጃኬት የሚወጣ እጅ ነው ያየው። ሽጉጡ ከባንኮኒው ሥር፣ ከአሮጌ ባትሪዎች ጋር ነበር።

ሚልክያስ ሆስፒታል ሳይደርስ ሞተ።

ፖሊስ ጣቢያ እንድታየው ሲፈቀድላት ተስፋሁን የአጥሩን ብረት ይዞ ቆሞ ነበር።

«እንደሚመጣ ታውቂ ነበር?» አላት።

«አውቅ ነበር።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንዳታፍር ብዬ ነው።»

«እኔም እኮ መግዛቴን ያልነገርኩሽ እንዳትፈሪ ብዬ ነው» አላት። ፖሊሱ ሰዓት አልቋል አለ።

ሰፈሩ ደግሞ የራሱን ወሬ ይዞ ነበር። ሚልክያስ መግዛቱን ሁሉም ያውቃል፤ መመለሱን ግን የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ይዞ ነው የመጣው ተባለ፤ ጓደኞቹ ከሬሳው ላይ አንስተው ደብቀውታል ተባለ። የተስፋሁን ጠበቃ ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ። ታጥቆ መጥቶብኝ ራሴን ተከላከልኩ ካለ ፍርዱ ብዙ ይለወጣል አለ።

እናቷ ያን ቀን ሁሉን ከማኅሌት ከሰማች በኋላ አልጋዋ ጫፍ ላይ አስቀመጠቻት።

«ባዶ እጁን እንደሚመጣ ታውቂ እንደነበር ለማንም አትናገሪ።»

«እማዬ፣ ልጁ...»

«ልጁ ሞቷል። ነፍሱን ይማር። የእኔ ልጅ አልሞተም። ውሸት ተናገሪ አላልኩሽም፤ ዝም በይ ነው ያልኩሽ። ዝም ማለት ደግሞ መቼ ቸግሮሽ ያውቃል?»

መርማሪው ወጣት ነው፤ ጉንፋን ይዞት በሶፍት እያበሰ ይጽፋል። በሩ ክፍት ነበር። እናቷ ኮሪደሩ ላይ፣ አግዳሚው ላይ፣ የተስፋሁንን ስንቅ አድርሳ ባዶውን የምሳ ዕቃ ጭኗ ላይ ይዛ ተቀምጣለች።

«ሟች ታጥቆ ነው የመጣው የሚሉ አሉ» አለ መርማሪው። «አንቺ የምታውቂው ነገር አለ?»

ማኅሌት እናቷን አላየቻትም። የሚልክያስ እናት ለቅሶ ላይ እንዴት እንደነበሩ ሰው ሲያወራ የሰማችውን እያሰበች ነበር። ልጃቸው የሰው ደም ፈልጎ ሄዶ እንደሞተ ሰው ሁሉ ስለነገራቸው ቀና ብለው ለቀስተኛ ማየት አፍረው ነበር።

«ባዶ እጁን ነው የመጣው» አለች። «ይቅርታ ሊጠይቅ ነው የመጣው። ወንድሜ ምንም እንዳልያዘ ምዬ ያሳመንኩት እኔ ነኝ።»

መርማሪው ብዕሩን አቁሞ አያት። ከዚያ ጻፈ። ፈርማ ስትወጣ አግዳሚው ባዶ ነበር።

እናቷን ያገኘቻት ታክሲ ተራው ላይ ነው። ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት ጋ ተቀምጣለች። ከጎኗ አንድ ወንበር ቀርቷል። ረዳቱ በሩን ይዞ፣

«አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ይጣራል።

ማኅሌት ደረጃው ላይ እግሯን አደረገች። እናቷ ሳትዞር የምሳ ዕቃውን ከጭኗ አንስታ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው።

«ሰው አለው» አለች ለረዳቱ። «የሁለት ሰው እከፍላለሁ፤ ሂድ።»