የስድስተኛው ማረፊያ አግዳሚ

ከመንገዱ ጽሕፈት ቤት የመጣው ደብዳቤ ብረቶቹን «የክንድ ማሳረፊያ» ይላቸዋል። አናጢው ግን ሠላሳ አምስት ዓመት ከእንጨት ጋር ሲታገል የኖረ ሰው ነውና በወረቀት አይሸነገልም። በአንድ አግዳሚ ላይ ሦስት ብረት፣ በመካከላቸው ለአንድ ሰው መቀመጫ ብቻ የሚሆን ክፍተት፤ ይህ ነገር ሰው እንዲቀመጥ እንጂ ጎኑን እንዳያሳርፍ የተፈለሰፈ መሆኑን ለማወቅ ብዙ መመራመር አያስፈልግም። ጠዋት ከቤት ሲወጣ ለሚስቱ «ክንድ አሳርፋለሁ እያለ ጀርባ የሚያባርር ብረት» አላት። እሷም «አንተ የታዘዝከውን ሠርተህ ግባ፤ ጀርባው እንደሆነ የአንተ አይደለም» አለችው። በዚህ ተሳስታ ነበር።

ጫካውን ሰንጥቆ የሚያልፈው የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ስድስት ማረፊያ ጎጆዎች አሉት። ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው፦ የሳንቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ አንድ በር፣ አንድ መስኮት፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተዘረጋ አንድ አግዳሚ ወንበር። እግረኛው ዝናብ ሲይዘው ይጠለልባቸዋል፣ ብስክሌተኛው ጎማው ሲተነፍስ ቁጭ ብሎ ይለጥፍባቸዋል፣ ፍቅረኞች ደግሞ ስማቸውን በቢላ ይፈለፍሉባቸዋል። ያንን ፍቅር ልጎ የሚያጠፋው አናጢው ነው። ሰሞኑን «ሩቅ ባሉት ጎጆዎች ሰው ይተኛል» የሚል አቤቱታ ስለበዛ ነው ብረቶቹ የታዘዙት።

ዕቃውን ባለሦስት እግሩ የጭነት ብስክሌት ላይ እየጫነ አምስቱን በሁለት ቀን ጨረሰ። በሦስተኛው ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ መጨረሻ ላይ ካለው ከስድስተኛው ደረሰ። ሰማዩ ጠቁሯል፤ ማንጠባጠብም ጀምሯል። በሩን ገፋው። በሩ ኮሽ ሳይል ተከፈተ።

«ምን ጉድ ነው!» አለ ለራሱ።

ያ በር ሲከፈት ጫካውን የሚቀሰቅስ በር ነበር። ሁለት ጊዜ ዘይት አጠጥቶት፣ አንድ ጊዜ ማጠፊያውን ቀይሮለት አሻፈረኝ ያለ በር። ጠረጴዛውን ነካ አደረገው፤ እሱም መወዛወዙን ትቷል። ጎንበስ ብሎ ሲያይ ከአንደኛው እግር ሥር ሽብልቅ ገብቶበታል። የሽብልቁ አናት በአንድ ጎኑ ብቻ ተጠርቦ ወደ ውስጥ ሸሸት ብሏል። እንደዚያ አድርጎ ሽብልቅ የሚጠርብ በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ታላቅ ወንድሙ፤ አናጢው ያንን ለመኮረጅ ዓመታት ሞክሮ አልሆነለትም። ከአግዳሚው ሥር የተጠቀለለ ፍራሽና ብርድ ልብስ አለ። መስኮቱ ላይ ታጥቦ የተሰጣ ሸሚዝ አለ። አናጢው ክው አለ። አግዳሚው ላይ ቁጭ አለ።

ታላቅ ወንድሙን «ጋሼ» ነው የሚላቸው። በአሥራ ሁለት ዓመት ይበልጡታል። አባታቸው ሲሞቱ ያሳደጉት፣ መጋዝ አያያዝ ያሳዩት፣ ፀጉሩ ሸብቶ እንኳ «ጩጬ» ማለትን ያልተዉት እሳቸው ናቸው። በአንድ የቤት ዕቃ ወርክሾፕ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ጎን ለጎን ሠርተዋል። ከአራት ዓመት በፊት ግን አናጢው አለቃቸው ዘንድ ገብቶ «የወንድሜ ዓይን ደክሟል» ብሎ ተናገረ። አለቃው በሳምንቱ ጋሼን አሰናበታቸው፤ ሲያሰናብታቸውም «የገዛ ወንድምዎ ነው የነገረኝ» አላቸው። ጋሼ ያን ዕለት አናጢው ደጃፍ ላይ ቆመው «ዓይኔ ደህና ነው። ቦታዬን ከፈለግህ ብትጠይቀኝ እሰጥህ ነበር» አሉና ሄዱ። አናጢውም ብዙ ሳይቆይ ወርክሾፑን ለቅቆ የመንገዱ ጽሕፈት ቤት ተቀጠረ። ከዚያ ወዲያ ጋሼ ሌላ ከተማ ካለችው ልጃቸው ዘንድ ናቸው ሲባል ሰማ፤ ይህንኑ አምኖ ኖረ። ማመኑ ይቀለው ነበር።

«ይምጡ፤ ይስደቡኝ፤ ከፈለጉም በጥፊ ያጩሉኝ» አለ በልቡ። «ዛሬ ቤቴ ይዣቸው ካልገባሁ ግን እኔም ሰው አይደለሁም።»

ግን ምን ብሎ? አራት ዓመት ሲፈለግ ያልተገኘ ቃል በአንድ ከሰዓት ከየት ይመጣል? አናጢው ሲጨንቀው እጁ ሥራ ይፈልጋል፤ ከልጅነቱም እንዲሁ ነው። ምን እያደረገ እንደሆነ እንኳ ሳያስብ መሰርሰሪያውን አነሳና የመጀመሪያውን ብረት ቦታ መብሳት ጀመረ።

«ቀስ! ቀስ በል እንጂ! እንጨት ነው የምትበሳው ድንጋይ?» የሚል ድምፅ ከውጭ መጣ።

ጋሼ የጭራሮ እስር ታቅፈው በሩ ላይ ቆመዋል። ከስተዋል፤ ጢማቸው ነጭ ሆኗል። ፊት ለፊት እያዩት «ማነህ አንተ?» አሉ።

በሦስት እርምጃ ርቀት ላይ ሆነው አላወቁትም።

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

ጋሼ ጭራሮውን ጥግ አስቀመጡ፤ እጃቸውን ቀስ ብለው አራገፉ። «ገና ድምፁን ስሰማ ማወቅ ነበረብኝ» አሉ። «መሰርሰሪያ ላይ ተንጠላጥሎ የሚበሳ አንተ ብቻ ነህ።»

«እኔ እኮ ልጅዎ ዘንድ ነዎት ብዬ...»

«ልጄ አንድ ክፍል ቤትና ሦስት ልጅ ነው ያላት። የዘበኝነት ሥራ አገኘሁ ብያት ወጣሁ። ውሸትም አይደል፤ ይኸው ጎጆ እጠብቃለሁ።» ጠጋ ብለው ብረቱን በእጃቸው ዳሰሱት። «ይህ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የክንድ ማሳረፊያ።»

«ጩጬ!»

«እንዳይተኛበት ነው» አለ አናጢው አንገቱን ደፍቶ።

«ማን?»

«ሰው።»

ጋሼ ሳቅ አሉ። «እሱስ፣ ሰው መባሌም አንድ ነገር ነው።»

«አልገጥመውም ጋሼ! ገጠምኩት ብዬ ሪፖርት አደርጋለሁ። እዚህ ድረስ መጥቶ የሚያይ የለም።»

ይህን ባይል ይሻለው ነበር። ጋሼ ቤት ማጣትን ችለዋል፣ ብርዱንም ችለዋል፤ ሥራ ሲበደል ማየት ግን ድሮም አይችሉም። ፊታቸው ቅጭም አለ። «ያልሠራኸውን ሠራሁ ልትል? ይህን ነው ያስተማርኩህ? አምጣ ወዲህ!» ብለው መሰርሰሪያውን ከእጁ ነጠቁት።

እናም ሰውየው የገዛ መኝታቸውን የሚከለክለውን ብረት በገዛ እጃቸው መግጠም ጀመሩ። በስንዝር ለኩ፣ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ምልክት አደረጉ፣ እንጨቱን በሱ፣ ብሎኑን አስገብተው በካቻቢቴ አጠበቁ። አናጢው ከዕቃ ሳጥኑ ውሃ ልክ ሲያወጣ በድምፁ አወቁና «መልሰው! እኔ ስሠራ ውሃ ልክ ይዤ አላውቅም» አሉት። እጃቸው አልተንቀጠቀጠም። ማየቱ ደስ ይል ነበር፤ አንጀትም ይበላ ነበር። አራተኛውን ብሎን ጨርሰው ብረቱን በመዳፋቸው ዳበሱና ቀና አሉ።

«ቀጥ ብሏል?»

ብረቱ ተጣሟል። አናጢው ይህችን ጥያቄ ያውቃታል። በወርክሾፑ የመጨረሻዎቹን ስምንት ወራት በየቀኑ ጠይቀውታል፤ እሱም በየቀኑ «ቀጥ ብሏል ጋሼ» ሲል ከርሟል። ከዚያ እሳቸው ምሳ ሲወጡ የጠመመውን ነቅሎ ያቃና ነበር። አንድ ቀን ግን ሳይደርስበት የወጣ ቁም ሳጥን በሩ ተገንጥሎ የደንበኛ እግር ላይ ወደቀ፤ ጋሼ ይህን አልሰሙም፤ አናጢው አለቃው ዘንድ የሄደው ያኔ ነው። አሁንም «ቀጥ ብሏል» ቢል ጋሼ ደስ ይላቸዋል፤ እርቁም ይቀል ይሆናል። ቃሉ ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር።

«አላለም» አለ።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

«ስንት?»

«አንድ ጣት። ወደ ግራ አዘንብሏል።»

ጋሼ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «ያኔስ?»

«ያኔም እንዲሁ ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ስምንት ወር።»

«ስምንት ወር ሙሉ እኮ አንድም ዕቃ አልተመለሰብኝም! ማን ነው ታዲያ የሚያቃ...» ብለው አቋረጡ። መልሱ ላይ ራሳቸው ደረሱበት። «ምሳህን ስትተው የከረምከው ለዚህ ነው? እኔ እኮ ከሚስትህ ጋር የተኳረፍክ መስሎኝ ነበር።»

ጋሼ ብረቱን እንደገና ዳበሱት።

«ቦታዬን ተመኝቶ ነው ብዬ አራት ዓመት ሙሉ ስረግምህ ኖርኩ።»

«ቢረግሙኝም አይፈረድብዎትም። ለአለቃው ከመንገሬ በፊት ለእርስዎ መንገር ነበረብኝ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ፈራሁ።»

«እመታሃለሁ ብለህ?»

«የለም ጋሼ። ያለቅሳሉ ብዬ።»

ጋሼ ፊታቸውን ቀና አደረጉ። እንባቸው በጢማቸው ላይ ይወርዳል፤ ሊጠርጉትም አልሞከሩም።

«ይኸው አለቀስኩ» አሉ። «ሞትኩ እንዴ?»

አናጢው የሃምሳ አንድ ዓመት ሰው ነው፤ የልጅ ልጅ አይቷል። ጉልበታቸው ላይ ተደፋና ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ጋሼ ጀርባውን መታ መታ እያደረጉ ቆዩ። ከዚያ «በቃ፣ በቃ፤ ተነስ ይህን ብረት እናቃናው፤ ሰው አይቶ ይስቅብናል» አሉ።

አብረው ሠሩት። አናጢው «ወደ ቀኝ፣ ትንሽ ይጨምሩ፣ እዚያ ላይ» ይላል፤ ጋሼ ያጠብቃሉ። ሦስቱ ብረቶች ተገትረው ሲቆሙ ከስድስቱ ጎጆ ያማረው ሥራ ይኸኛው ሆነ። ጋሼ ሊጋደሙበት ሞከሩ። በዚህም በዚያም ዞሩ፤ ጎናቸው አልገባም።

«ደህና አድርገን ገጠምነው» አሉ። «እንግዲህ ማደሪያ የለኝም።»

«ማደሪያማ አለዎት። ሚስቴ እኮ ‹ወንድምህን ፈልጋቸው› እያለች ስንት ዓመት ነዘነዘችኝ። ብቻዬን ብገባ በሩን አትከፍትልኝም።»

ጋሼ ሸሚዛቸውን ከመስኮቱ አነሱና አጣጥፈው ብብታቸው ሥር አደረጉት። አናጢው ዕቃውን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ ፍራሹን የጭነት ሳጥኑ ውስጥ አነጠፈላቸው። ዝናቡ አባርቷል። ጋሼ በመሰርሰሪያውና በብሎኑ ቆርቆሮ መካከል እግራቸውን አጥፈው ተቀመጡና «ሹፌር፣ ንዳ» አሉ። አናጢው እየሳቀ ፔዳሉን ረገጠ።

ጥቂት እንደሄዱ የጋሼ ሁለት እጆች የሳጥኑን ጠርዝ አጥብቀው ያዙ።

«ጩጬ።»

«አቤት ጋሼ።»

«ቁልቁለቱ ጋ ስንደርስ ንገረኝ» አሉ። «አይታየኝም።»