ይፈቀድልኝ የተባለችው ልጅ

«ይፈቀድልኝ» የሚለውን ስም ያወጡላት የመጠለያው ልጆች ናቸው፤ ያውም ገና በገባች ሳምንት። ውሃ ልትጠጣ «ይፈቀድልኛል?»፣ መስኮት ልትከፍት «ይፈቀድልኛል?»። እንዲያውም አንድ ቀን አፏን በእጇ ይዛ «ላስነጥስ፣ ይፈቀድልኛል?» አለች ተብሎ ተወርቷል። ይሄኛው እንኳን የልጆቹ ጭማሪ ነው። ሌላው ግን አንድም ቅጥፈት የለበትም።

ሳቃቸው ክፋት አልነበረውም። የሚስቁባት ራሳቸው የእሷ ቢጤዎች ነበሩ፤ አንዷ ትራሷ ሥር ዳቦ ትደብቃለች፣ ሌላዋ ጫማዋን ሳታወልቅ ትተኛለች። ይፈቀድልኝን ደግሞ ገና በልጅነቷ አንዲት ደህና የለበሰች ሴት «እንደ ልጄ አድርጌ አስተምራታለሁ» ብላ ከእናቷ እጅ ተቀበለቻትና ሩቅ ወስዳ ለሰው ቤት ሸጠቻት። እዚያ ቤት በሩ የሚቆለፈው ከውጭ ነው። ውሃም የሚጠጣው በፈቃድ ነው። ጎረቤት ለቅሶዋን ሰምቶ ፖሊስ ባይጠራላት ኖሮ እስከ ዛሬም እዚያው በቀረች ነበር።

የመጠለያው ኃላፊ ደልደል ያሉ፣ ድምፃቸው ጎርነን ያለ ሴት ናቸው። ድስት ቢያርም፣ አንዷ ፈተና ብታልፍም፣ ቧንቧ ቢፈነዳም የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ «ጉድ ፈላ!»። ስለዚህ ልጆቹ ከኋላቸው «እማማ ጉድ ፈላ» ይሏቸዋል። እሳቸውም ያውቃሉ፣ ግን እንዳልሰማ ሰው ያልፋሉ።

ልጅቷ በሥራ አትታማም። ስፌት ቶሎ ገባት፣ እጇም ቀልጣፋ ነው። እማማን እንቅልፍ የሚነሳቸው ሌላ ነገር ነበር። ለውሃ እንኳን ፈቃድ የምትጠይቅ ልጅ፣ አንዷ አፈ ቅቤ መጥታ «ተነሺ፣ እንሂድ» ብትላት «አይሆንም» ማለት ከየት ታመጣለች? አንዴ የተሸጠች ልጅ ዳግመኛ እንዳትሸጥ ነበር ፍርሃታቸው።

አንድ መጋረጃ ሰፊ ዘንድ ሥራ ስትጀምርም ያው ሆነች። ሰፊው ጋሼ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ስፒሎቹን በከንፈራቸው ይዘው አንድ ሰፊ መጋረጃ ያጥፋሉ። እሷ ከስፌት መኪናዋ ሳትነሳ፣ አፏ ደርቆ ኩበት እስኪመስል ጠበቀችና በመጨረሻ፣

«ጋሼ፣ ውሃ መጠጣት ይፈቀድልኛል?» አለች።

ጋሼ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፋቸው አወጡ። «የኔ ልጅ፣ ውሃውን ከሰማይ ያዘነብኩት እኔ አይደለሁም! ተነሺና ጠጪ እንጂ!»

ከጥቂት ወራት በኋላ በደመወዟ አንዲት ክፍል ተከራየች። ጠባብ ናት፤ አልጋ፣ ወንበር፣ ወደ ደረጃው የሚያይ መስኮት። የበሩ መቀርቀሪያ ግን በውስጥ በኩል ነው። የመጀመሪያ ቀን ገፋችው፣ መለሰችው፣ ደግሞ ገፋችው። እንደ ሕፃን ስትጫወትበት አመሸች።

በመጀመሪያው እሑድ እማማ ጉድ ፈላ ብርድ ልብስ ተሸክመው መጡ። በሩ ክፍት ነው፣ ዝናቡ ያካፋል። እሳቸው የበሩ ደፍ ላይ ቆሙ። እሷም አንገቷን ደፍታ ውስጥ ቆመች። እንዲገቡ ትጠብቃለች፣ እሳቸው ደግሞ ንቅንቅ አይሉም።

«እማማ፣ ምነው ቆሙ?»

«መግባት ይፈቀድልኛል ወይ?»

«ኧረ በስመ አብ! እርስዎ እኮ...»

«እኔ እኮ ምን? ቤቱ የማን ነው?»

የዝናቡ ጠብታ ከሻሻቸው ወደ አፍንጫቸው ይወርዳል። «የ... የኔ» አለች በመጨረሻ።

«እንግዲያው አንቺ ሳትፈቅጂ ማንም አይገባም። እኔም ብሆን! አሁን ቶሎ በይ፣ ብርድ ልብሱም ራሰ፣ እኔም በሰበስኩ።»

«ይግቡ» አለች፣ ድምፅዋ ለራሷም በቅጡ ሳይሰማት። ገብተው አልጋው ጫፍ ላይ ዘጭ ሲሉ አልጋው ሲጢጥ አለና «ጉድ ፈላ!» አሉ። ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

ክረምቱ ሲወጣ አንድ ቀን ከሥራ ተመልሳ፣ ጋሼ ከሰጧት ቁርጥራጭ ጨርቅ ለራሷ መስኮት መጋረጃ ትሰፋለች። ነፋስ ይግባ ብላ በሩን ከፍታዋለች። አንዲት ሽቶዋ ከሩቅ የሚጣራ ሴት ሰተት ብላ ገባችና አልጋው ላይ ተቀመጠች።

«እንዴት ዋልሽ የኔ ቆንጆ! አከራይሽ ስላንቺ አጫወተችኝ። እንዲህ ያለች ልጅ መርፌ ላይ አፍጥጣ ትቅር? ውጭ አገር ደህና ሥራ አለኝ። ጣጣውን በሙሉ እኔ እጨርሳለሁ፤ አንቺ መታወቂያሽን ብቻ ስጪኝ። እንደ ልጄ ነው የማይሽ።»

እንደ ልጄ! ያ የድሮው «እሺ» ጉሮሮዋ ድረስ መጣ፤ እጇም ሳታዘው መታወቂያው ወዳለበት ቦርሳ ተዘረጋ። ይሄኔ ዓይኗ ሴትየዋ የተቀመጠችበት ቦታ ላይ አረፈ። እማማ የተቀመጡበት ቦታ ነው። እማማ ግን እዚያ ለመቀመጥ መጀመሪያ ዝናብ ላይ ቆመዋል።

እጇን መለሰች።

«ማን ይግቡ አለዎት?»

«ምን አልሺኝ?»

«ቤቱ የኔ ነው። ይግቡ አላልኩም። ይውጡልኝ!» ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል፣ ቃሉ ግን አልተሰበረም።

ሴትየዋ «ባለጌ!» ብላ ተነሳች፤ ተረከዟ ደረጃውን እየቀጠቀጠ ወረደ። ልጅቷ መቀርቀሪያውን ገፋች፣ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፣ ከዚያ ስልኳን አነሳች።

«እህ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ይፈቀድልሽ?» አሉ እማማ፣ እንደ ልማዳቸው።

ሁሉንም ነገረቻቸው። «ነገ ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ አመለክታለሁ፤ ሌላ ልጅ ቤት ደግሞ ሰተት እንዳትል። ከፈለጉ አብረን እንሄዳለን» አለች። ከዚያም፣ «ግን ለማስፈቀድ አይደለም የደወልኩት፣ እማማ። ላመሰግንዎት ነው። ያን ዕለት ዝናብ ላይ ስለቆሙልኝ እግዜር ይስጥልኝ።»

ከወዲያ በኩል እማማ አፍንጫቸውን ሲናፈጡ ተሰማ። ተናፍጠው ሲያበቁ፣

«ጉድ ፈላ» አሉ፣ በሹክሹክታ።